ሮዝ ሹራብ ለባሾቹ

ፊላደልፊያ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2019። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሴቨንቲሲክሰርስ ቅርጫት ኳስ፣ ፍላየርስ ደግሞ የበረዶ ሆኪ የሚጫወቱበት ዌልስ ፋርጎ ሴንተር ዛሬ ኳስም በረዶም የለበትም። መሐሉ ላይ መድረክ ተሠርቷል። መድረኩ ላይ ፊትና ጎን የተሰለፉ ጠረጴዛዎች፣ በየወገኑ ስድስት ኮምፒዩተር፣ ከየኮምፒዩተሩ ፊት ጆሮውን በትልቅ ማዳመጫ የደፈነ አንድ ወጣት። ከበላያቸው ግዙፍ ስክሪኖች ተሰቅለዋል። ሕዝቡ ልጆቹን አያይም፤ የሚያየው ስክሪኑን፣ የሚጮኸውም ለስክሪኑ ነው። ልጆቹም ሕዝቡን አያዩም፤ እንዲሰሙትም አይፈለግም። የኤቢሲ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን በቀጥታ ለመላ አሜሪካ ያስተላልፋል። ለአሸናፊው 1.1 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋጅቷል።

በአንድ በኩል የተቀመጡት ሳን ፍራንሲስኮ ሾክ ናቸው። በሌላው በኩል ሰማያዊና አረንጓዴ የለበሱ፣ ዓርማቸው ሳስኳች የሆነ፣ ማለትም በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ደኖች ይኖራል እየተባለ የሚወራለት ጸጉራም ግዙፍ ፍጡር፣ ቫንኩቨር ታይታንስ። ቫንኩቨር በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለች የካናዳ ከተማ ናት። የከተማይቱን ስም ይዘው የቀረቡት ልጆች ግን ሁሉም ኮሪያውያን ናቸው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልገረመን፤ በዓለም ላይ የስንቱ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋች የሰፈሩ ልጅ ነው? የሚገርመው ሌላ ነው፦ በዚያ ዓመት 28 ጊዜ በመደበኛው ውድድር ሲጋጠሙ አንዱንም ግጥሚያ ቫንኩቨር ውስጥ አልተጫወቱም። የከተማይቱ ደጋፊ “የእኛ ልጆች” የሚላቸውን ያያቸው በአብዛኛው ከሎስ አንጀለስ ጎረቤት ከበርባንክ በሚመጣ ሥርጭት ነው።

ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ ቢሆን እነዚህኑ ልጆች ሮዝ ሹራብ ለብሰው እናገኛቸው ነበር። ስማቸውም ራንአዌይ ነበር። ከዚያ ሹራብ እስከዚህ መድረክ ያለው መንገድ፣ ከመድረኩም በኋላ የሆነው ነገር፣ ስለ አንድ የጌም ቡድን ብቻ የሚናገር አይመስለኝም። ከተማ በገንዘብ ተገዝቶ በማሊያ ላይ ሊሰፋ ይችላል ወይ የሚል ክርክር በውስጡ አለ።

በመጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው። ኦቨርዎች የተባለውን ጌም ብሊዛርድ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ያወጣው በሜይ 24 ቀን 2016 ነው። “የተኩስ ጌም” ሲባል የብዙ ሰው አእምሮ ላይ የሚመጣው ጠመንጃውን ደግኖ በየጥጉ የሚያደባ ብቸኛ ወታደር ነው። ይኼኛው እንደዚያ አይደለም። ስድስት ለስድስት ሆነው ይገጥማሉ (በ2022 የወጣው ኦቨርዎች 2 ወደ አምስት አውርዶታል)፤ ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው። ከፊት ቀድመው ዱላውን የሚቀበሉት “ታንክ” ይባላሉ። ጠላትን የሚጎዱ አሉ። ከኋላ ሆነው የሚያክሙና የሚያግዙ አሉ። ራይንሃርት የሚባለው ጀርመናዊ ባላባት የግቢ በር የሚያህል ጋሻ ዘርግቶ ይቆማል። ሉሲዮ የሚባለው ብራዚላዊ ዲጄ በሙዚቃው አጠገቡ ያሉትን ይፈውሳል። ዲቫ የምትባለው ኮሪያዊት ደግሞ፣ በጌሙ ትረካ መሠረት፣ ጌም በመጫወት አገር ያወቃት ከሆነች በኋላ ግዙፍ የብረት ሮቦት እንድትነዳ የተመለመለች ናት። ብሊዛርዶች የኮሪያን ልብ የት እንደሚያገኙት ያውቁ ነበር።

መግደል የጨዋታው ግብ አይደለም። ግቡ አንድን ቦታ ይዞ መቆየት፣ ወይም ጭነት የያዘን ተሽከርካሪ እስከ መድረሻው ማድረስ ነው። የሞተ ተጫዋች ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይነሣል፤ የሚነሣው ግን ከወደ ኋላ ነው። እሱ ሮጦ እስኪደርስ ጓደኞቹ አምስት ሆነው ስድስት ይጋፈጣሉ። ጨዋታው የሚበላው በእነዚያ ሰከንዶች ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ተጫዋች በቆየ ቁጥር የሚጠራቀምለት አንድ ታላቅ ኃይል አለው፤ ማን መቼ እንደሚያወጣው ነው ውጊያውን የሚወስነው። ጥሩ ቡድን የራሱን ብቻ አይቆጥርም። ገበጣ የሚጫወት ሰው የባላንጣውን ጉድጓድ ጠጠር በዓይኑ እየለቀመ እንደሚቆጥር፣ እነሱም “ያኛው ሊሞላለት ነው፣ ይኼኛው አውጥቶ ጨርሷል” እያሉ በማዳመጫቸው ሳያቋርጡ ይነጋገራሉ። መጀመሪያ ሳየው እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ብልጭታና ጩኸት ብቻ ነበር። ቆጠራው እንዳለ የነገረኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬም ያው ነበርኩ።

ወደ ኮሪያ እንሂድ። በደቡብ ኮሪያ ከተሞች ፒሲ ባንግ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። “ባንግ” ክፍል ማለት ነው፤ የኮምፒዩተር ክፍል። በሰዓት ከፍለው ይገባሉ፣ ከጓደኛቸው ጎን ይቀመጣሉ፣ ሲርባቸው እዚያው ኑድል አዝዘው ይበላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ፕሌስቴሽን ቤት ለፊፋ ተጫዋች ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ የኮሪያው ሰፊ፣ ፈጣንና ሌሊቱን የማይዘጋ መሆኑ ነው ልዩነቱ። በእነዚህ ቤቶች ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለው ጌም ከ200 ሳምንት በላይ አንደኛ ሆኖ ቆይቶ ነበር። በ2016 ጁን፣ ኦቨርዎች ከወጣ ወር ሳይሞላው ከዙፋኑ አወረደው።

በዚያው ዓመት መገባደጃ ኦጂኤን የተባለው የኮሪያ የጌም ቴሌቪዥን አፔክስ የተሰኘውን የኦቨርዎች ውድድር ጀመረ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ኤንቪየስ የተባለ የምዕራባውያን ቡድን ነው፤ እንግዳ መጥቶ ድግሱን በላ እንደማለት። ከዚያ በኋላ ግን ዋንጫው ከኮሪያውያን እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ራንአዌይ የተወለደው እዚህ መሐል ነው። መሥራቹ ራነር በሚል ስም የሚታወቅ፣ ጨዋታውን በቀጥታ ሥርጭት እያሳየ ተመልካች ያፈራ ሰው ነበር፤ እሱ ራሱ ከልጆቹ ጋር ይጫወታል። ባለቤቱ ፍላወርቪን አብራው ነበረች። ከጀርባቸው ትልቅ ኩባንያ አልነበረም። ልጆቹ ወደ መድረክ የሚወጡት በዚያ ሮዝ ሹራብ ነበር፤ በሌላው ቡድን የስፖርት ጃኬት አጠገብ ሲታይ ለቅዝቃዜ ተብሎ ቤት የተሠራ ይመስላል። ሕዝቡ ወደዳቸው። በአፔክስ ሁለተኛ ሲዝን ለፍጻሜ ደረሱ፤ ሉናቲክ ሃይ የተባለው ቡድን 4 ለ 3 አሸነፋቸው። በአራተኛው ሲዝን ዳግመኛ ለፍጻሜ ደረሱ፤ አሁንም ጂሲ ቡሳን የተባለው ቡድን አሸነፋቸው። ሁለት ፍጻሜ፣ ሁለቱም እንባ። ራነር እንደማንኛውም ኮሪያዊ ወንድ የግዳጅ ውትድርናው ደረሰና ሄደ። ቡድኑን ፍላወርቪን ተረከበች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ብሊዛርድ ሌላ ትልቅ ዕቅድ ይዞ ነበር። በ2016 ኖቬምበር ኦቨርዎች ሊግ የሚባል የከተሞች ሊግ እንደሚያቋቁም አስታወቀ። ሐሳቡ ከአሜሪካ ስፖርት የተቀዳ ነው፦ ሀብታም ሰው የአንድ ከተማ መብት ይገዛል፣ ቡድኑን በከተማይቱ ስም ይጠራል፣ ደጋፊው በሰፈርተኝነት ይከተላል፣ ወራጅ የሚባል ነገር የለም። የአንዱ ቦታ ዋጋ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። የገዙትም ቀላል ሰዎች አይደሉም። ቦስተንን የገዛው የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ባለቤት ሮበርት ክራፍት ነው። ከሎስ አንጀለስ ሁለት ቡድኖች አንዱ፣ ግላዲየተርስ፣ የክሮንኪ ቤተሰብ ነበር፤ አዎ፣ አርሰናልን የያዙት ክሮንኪዎች። የተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 50,000 ዶላር ሆነ፤ መኖሪያ ቤትና የጤና መድን ተጨመረበት። ትናንት በፒሲ ባንግ ኑድል እየበላ ያመሸ የ18 ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ የሚወስደው አይመስለኝም።

ሊጉ በጃንዋሪ 10 ቀን 2018 በ12 ቡድን ተጀመረ። የሉናቲክ ሃይ ልጆች ሶል ዳይናስቲ ሆኑ። ጂሲ ቡሳንና ኮንግዱ ፓንቴራ ተቀላቅለው ለንደን ስፒትፋየር ተባሉ፤ የመጀመሪያውንም ዋንጫ ወሰዱ። ስለዚህ በ2018 የለንደን ስም የተጻፈበትን ዋንጫ ያነሱት የኮሪያ ልጆች ናቸው። ለንደን ውስጥም አንድ ግጥሚያ አልተጫወቱም። ራንአዌይን ግን ሊጉ ሲጀመር የገዛው አልነበረም።

ታዲያ ያልተገዙት የት ሄዱ? እዚህ ላይ ነው ስለ ክልል ሊጎች መናገር ያለብን። ብዙ ጸሐፊ ስለ ትልቁ ሊግ ሲጽፍ ከታች ያለውን በአንድ አንቀጽ ያልፈዋል። ስህተት ነው።

ከትልቁ ሊግ በታች ኮንቴንደርስ የሚባሉ የክልል ሊጎች ነበሩ፤ በ2018 ሰባት ክልሎች ነበሩት፦ ኮሪያ፣ ቻይና፣ ፓስፊክ፣ አውስትራሊያ፣ አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካና ደቡብ አሜሪካ። ከእነሱ በታች ማንም ስድስት ጓደኛ ሰብስቦ የሚመዘገብበት ክፍት ምድብ ነበር። ከክፍቱ ምድብ በማጣሪያ ወደ ኮንቴንደርስ ይወጣ ነበር፤ ከኮንቴንደርስ ደግሞ ትልቁ ሊግ ዓይኑን ይጥልብህ ነበር። (በጌሙ ውስጥ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ እንዳለች ተደርጋ የተፈጠረች ኑምባኒ የምትባል ውብ ከተማ አለች፤ መስታወት ሕንፃ፣ ንጹሕ ጎዳና። ከሰባቱ ክልሎች ውስጥ ግን የአፍሪካን ስም የያዘ አንድም አልነበረም። በምናብ ከተማ ሠርተውልናል፤ ምድብ አልሠሩልንም።)

ለምን በክልል ተከፋፈለ? ኢንተርኔት ዓለምን አንድ መንደር አድርጓል ሲባል ከሰማን ስንት ዓመታችን። የተኩስ ጌም ተጫዋች ይህን አባባል ሲሰማ ይስቃል። በፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሶል እስከ ሎስ አንጀለስ 9,600 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ሶል ውስጥ ማውሱን ሲጫን፣ መልእክቱ ሎስ አንጀለስ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ከ1,000 ሚሊሰከንድ 96ቱ ያልቃል። ገመድ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በባሕር ሥር ይዞራል፣ በየጣቢያው ይቆማል። የሰው ዓይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። እዚያ ላይ ሌላ 100 ወይም 150 መጨመር ማለት ተጫዋቹ ያነጣጠረበት ሰው እዚያ ቦታ ላይ የለም ማለት ነው። ተጫዋቾች ይህን የደርሶ መልስ ጊዜ ፒንግ ይሉታል። የእኛ አገር ልጆች “ላግ አደረገብኝ” ሲሉ የሚያማርሩት እሱን ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወደብ የሌላት አገር ኢንተርኔት ደግሞ ባሕሩን ለማግኘት መጀመሪያ በጎረቤት በኩል ማለፍ አለበት። እኩል የሰለጠኑ ሁለት ልጆች ይሁኑ፤ አንዱ ፍራንክፈርት አንዱ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ጨዋታው ሳይጀመር አንዱ ተቀድሟል። ስንፍና አይደለም፤ ፊዚክስ ነው። ለዚህ ነው ሊግ በክልል የሚሆነው፤ የሊግን ድንበር የሚያሰምረው የብርሃን ፍጥነት ነው።

ይህን እውነት ትልቁ ሊግም ሊያመልጠው አልቻለም። በ2021 የአሜሪካና የእስያ ቡድኖች በወረርሽኙ ምክንያት አንድ አዳራሽ መግባት ባልቻሉበት ጊዜ፣ ለመጨረሻው ዙር ያለፉ የምዕራብ ቡድኖች በአውሮፕላን ሃዋይ ተጓዙ። ማኖዋ በሚገኘው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተራቸውን ዘርግተው፣ በባሕር ሥር ገመድ ቶኪዮ ካለ ሰርቨር ጋር ተገናኝተው ከእስያውያኑ ጋር ተጋጠሙ። በኦንላይን ለመጫወት ሲሉ ግማሽ ውቅያኖስ በረሩ። ከዚህ ሊግ ታሪክ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ክልሎች በገመድ ርቀት ስለተለያዩ የየራሳቸው አጨዋወት ነበራቸው። አንዱ ክልል የፈለሰፈው ስልት ለሌላው እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ትልቁን ሊግ የገለበጠው ስልት ከየት እንደመጣ ይኸው ምስክር ነው። በ2018 በሰሜን አሜሪካ የታችኛው እርከን ላይ የነበረ፣ ጎትስ የሚባል ቡድን ሦስት ታንክና ሦስት ሐኪም አሰልፎ፣ ጉዳት አድራሽ ብሎ ነገር ትቶ፣ እንደ አንድ አካል ተጣብቆ የሚገፋበትን ስልት አወጣ። ጎትስ በእንግሊዝኛ ፍየሎች ማለት ነው፤ ስልቱም በስማቸው ተጠራ። መንጋ ሆኖ በአንድ በር ሲጋፋ ለሚያይ ሰው ስሙ የተገባ ነው። ስመ ጥር ያልነበረ ቡድን ያመጣው ስልት በወራት ውስጥ ሚሊዮኖች የወጡበትን ሊግ ሙሉ በሙሉ ተቆጣጠረው። ተመልካቹ ሰለቸው። እኔ ግን ስለሰለቸው አልፈርድበትም፣ እንደተሳሳተም አልናገርም፤ ስድስት ሰው አንድ ሆኖ ሲተነፍስ ማየት የራሱ ውበት ነበረው፤ ችግሩ ሁሉም ቡድን፣ ሁልጊዜ፣ ያንኑ መሆኑ ነበር።

ራንአዌይ በኮንቴንደርስ ኮሪያ ውስጥ ነበር ይህን ሁሉ የተማረው። በ2018 የበጋ ወራት፣ በሁለተኛው ሲዝን፣ ልጆቹ ለንደን ከሄዱ በኋላ በክልል ሊጉ የቀረውን ኮንግዱ ፓንቴራን በፍጻሜ አሸንፎ ዋንጫ አነሣ። ከሁለት የተነጠቀ ፍጻሜ በኋላ። ዓመቱ ሳያልቅ የቫንኩቨር ካናክስ የሆኪ ቡድን ባለቤቶች የሆኑት አኪሊኒዎች ወደ ሊጉ ከገቡት ስምንት አዳዲስ ቡድኖች አንዱን ገዙ፤ ተጫዋች ከዚህም ከዚያም ከመልቀም ይልቅ ራንአዌይን እንዳለ ወሰዱት። የፍላወርቪን ቤት ባዶ ሆነ። ሌሎች ልጆች ሰብስባ እዚያው የክልል ሊግ ውስጥ እንደገና ጀመረች።

2019 የታይታንስ ዓመት ነበር። ሌሎች ቡድኖች ገና እርስ በርስ ሲተዋወቁ እነዚህ ልጆች ለዓመታት አንድ ማዕድ የበሉ ናቸው። ባምፐር በታንክነቱ ያለ ምንም ማመንታት ዘሎ ይገባል፤ ጃኑ ተከትሎት ይዘላል፤ ትዋይላይትና ስላይም ከኋላ ያቆሙታል። ሃክሳል የሚባለው ደግሞ በኮሪያ ሳለ በኒንጃው ጌንጂ ዝነኛ የነበረ ሲሆን፣ በፍየሎቹ ስልት ውስጥ ጋሻ ያዥ ሆኖ እንኳ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ፍጻሜ ሳን ፍራንሲስኮ ሾክን 4 ለ 3 አሸነፉ። ያ የተረገመ ቁጥር በመጨረሻ ለእነሱ ሆነ። በሁለተኛው ምዕራፍ ሾክ 4 ለ 2 ተበቀለ። መደበኛው ውድድር ሲያበቃ ታይታንስ 25 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ ነበር።

መደበኛው ውድድር ሳያልቅ ግን ሕጉ ተለውጦ ነበር። ከአራተኛው ምዕራፍ ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ታንክ፣ ሁለት ጉዳት አድራሽ፣ ሁለት ሐኪም እንዲያሰልፍ ተደነገገ። ፍየሎቹ በአዋጅ ታረዱ። ታይታንስ እንደ ቡድን የተሠራበት አካል ከሥሩ ተነቀለ። ሾክ ግን ለዚህ የሚሆን ብዙ ተጫዋች ነበረው፤ በማጣሪያው መጀመሪያ በአትላንታ ተሸንፎ ወደ ተሸናፊዎች መንገድ ከወረደ በኋላ አንድም ዙር ሳይጥል ፊላደልፊያ ደረሰ። ፍጻሜው 4 ለ 0 አለቀ። በኮሪያ ሁለት ጊዜ በፍጻሜ ታግለው የተሸነፉት ልጆች፣ በትልቁ መድረክ አንድም ዙር አላገኙም።

ይህ ሽንፈት ብቻ ቢሆን ታሪኩ ያው የስፖርት ታሪክ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው። በ2020 ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ቡድኖች በየከተማቸው ሊያጫውት ተነሣ፤ 20 ሚሊዮኑ የተከፈለበት ተስፋ ይህ ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ዳላስና ኒው ዮርክ ተጀመረ። ማርች ላይ ኮቪድ መጣ፣ ሁሉም ተሰረዘ፣ ውድድሩ ወደ ኦንላይን ተመለሰ። የታይታንስ ልጆች ወደ ኮሪያ ሄዱ። በተጫዋቾቹና በአስተዳደሩ መካከል አለመግባባት ተፈጠረ። በሜይ 2020 የዓለም ሁለተኛ የነበረው ቡድን ተጫዋቾቹን፣ አሠልጣኞቹንም ጨምሮ፣ በሙሉ አሰናበተ። በምትካቸውም ሴከንድ ዊንድ የተባለ ቡድን እንዳለ አመጣ፤ የመጣው ከየት መሰላችሁ? ከኮንቴንደርስ ሰሜን አሜሪካ። አንድ የክልል ሊግ ቡድን አውጥቶ ሌላ የክልል ሊግ ቡድን ከተተ፤ ማሊያው ላይ ያለው ስም ያው ቫንኩቨር ነበር። ሳስኳቹም ያው።

በዚያ ዓመት ሐኪሙ ትዋይላይት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሾክ ተዛወረ። ሾክ በኦክቶበር ሶል ዳይናስቲን አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ። ፊላደልፊያ ላይ ከተሸናፊው ጠረጴዛ የተነሣው ልጅ በዓመቱ ከአሸናፊው ጠረጴዛ ተገኘ። ከእነዚያው ልጆች ስቲችና ጃኑ ዋሽንግተን ሄዱ። ሮዝ ሹራቡ በየከተማው ተበተነ ማለት ይቻላል።

ከተማ በገንዘብ አይገዛም ብዬ እንዳልደመድም አንድ ነገር ይይዘኛል፤ ሻንጋይ። ሻንጋይ ድራገንስ በ2018 መጀመሪያው ሲዝን 40 ጊዜ ተጫውቶ 40 ጊዜ ተሸነፈ። አንድም ድል የለም። በዚያው ሲዝን መሐል ጌጉሪ የምትባል ኮሪያዊት በሊጉ የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆና ተቀላቀለቻቸው፤ ሽንፈቱ ቀጠለ። 42 ላይ ደርሶ በፌብሩዋሪ 2019 ቦስተንን ሲያሸንፉ አዳራሹ ዋንጫ የተወሰደ መሰለ። በ2021 ዋንጫውንም ወሰዱ፤ አትላንታን 4 ለ 0። በዚያ ሁሉ ሽንፈት ውስጥ ስሙን ሳይለውጥ የጠበቀ ደጋፊ ሻንጋይ ነበረው። ስለዚህ ስም በገንዘብ ተሰፍቶም ሥር ሊሰድ ይችላል፤ ጊዜ ከተሰጠው፣ ሰውም አብሮ ከተሸነፈ። ቫንኩቨር ሁለቱንም አላገኘም።

ሊጉ ራሱ ጊዜ አለቀበት። በ2023 ባለቤቱ ኩባንያ ሊጉ ካልቀጠለ ለእያንዳንዱ ቡድን 6 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ፤ 20 ሚሊዮን ለከፈለ ሰው የተረፈው ያ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን ቶሮንቶ ውስጥ ፍሎሪዳ ሜይሄም ሂውስተንን 4 ለ 0 አሸንፎ የመጨረሻውን ዋንጫ አነሣ። በኖቬምበር ሊጉ ማብቃቱ ተነገረ።

በ2024 የተተካው ኦቨርዎች ቻምፒየንስ ሲሪስ የተባለው ውድድር ነው። የከተማ መብት የሚሸጥበት ነገር የለም። ሲጀመር የሰሜን አሜሪካ፣ የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ፣ የእስያ ክልሎች ነበሩት፤ ስድስት ሳይሆን አምስት ጓደኛ የሰበሰበ በክፍት ማጣሪያ ይገባል፤ ከየክልሉ የበረቱት ይገናኛሉ። በሌላ አነጋገር ከሥር የነበረው የኮንቴንደርስ አሠራር ከላይ ወጣ።

የዚያ ዓመት የዓለም ፍጻሜ ኖቬምበር ላይ ስቶክሆልም ተካሄደ። ለዋንጫ የተጋጠሙት ቲም ፋልከንስ የተባለው የሳዑዲ ድርጅት ቡድንና ክሬዚ ራኩን የተባለው የጃፓን ድርጅት ቡድን ናቸው። ፋልከንስ አሸነፈ። በሁለቱም ጠረጴዛ የተቀመጡት ልጆች ኮሪያውያን ነበሩ፤ ሁለቱም የመጡት ከዚያው ከኮሪያው ክልል ነው። በማንኛቸውም ማሊያ ላይ የከተማ ስም አልነበረም።